ዝም የሚል መንገድ፣ የሰማውን የሚያምን መንገድ፦ የስታቲክና የዳይናሚክ ራውቲንግ ዳሰሳ

ቅርንጫፉ ውስጥ ወረፋ የያዙት ሰዎች የተሰጣቸው መልስ ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ «ሲስተም የለም»። እኔ በዚያ ሰዓት ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ራውተሩ ፊት ተቀምጫለሁ። ራውቲንግ ቴብሉን ሳየው ወደ ቅርንጫፉ የሚወስደው መስመር በቦታው አለ። የፖርቱ መብራት አረንጓዴ ነው። በየወሩ የሚከፈልበት ተጠባባቂ መስመርም አለ፤ ግን አንድም ፓኬት አላለፈበትም። ፋይበሩ የተቆረጠው ፋይበሩን ከራውተሩ ኬብል ጋር ከሚያገናኘው ሚዲያ ኮንቨርተር ማዶ ነበር። ከራውተሩ እስከ ኮንቨርተሩ ያለችው የሁለት ሜትር ኬብል ደህና ስለሆነች ራውተሩ መንገዱን ሁሉ ደህና አድርጎ ቆጠረው፤ ፓኬቶቹንም ወደተቆረጠው ፋይበር ሲያፈስ ዋለ። ያንን መስመር የጻፍኩት እኔ ነበርኩ፤ አንድ ስታቲክ ራውት።

«ስታቲክ ይሻላል ወይስ ዳይናሚክ?» የሚለውን የጀማሪዎች ጥያቄ ከዚያ ቀን ወዲህ በሌላ መልክ ነው የማስበው። ሁለቱም ይሳሳታሉ፤ የስሕተታቸው ዓይነት ግን ይለያል። ስታቲክ ራውት የሚሳሳተው ስለማይሰማ ነው። ዳይናሚክ ፕሮቶኮል የሚሳሳተው የሰማውን ስለሚያምን ነው። ኔትወርክ የሚዘረጋ ሰው ሊጠይቅ የሚገባው የትኛውን ስሕተት ቶሎ አይቶ ሊያርመው እንደሚችል ይመስለኛል። ከዚህ በታች ያሉትን ዘዴዎች ሁሉ የማያቸው በዚህ ዓይን ነው።

የራውተር ሥራ ጠባብ ነው። ፓኬት ሲደርሰው የመድረሻውን አይፒ አድራሻ ያያል፣ ቴብሉን ያመሳክራል፣ በየትኛው ኢንተርፌስ ለየትኛው ጎረቤት እንደሚያቀብል ይወስናል። ከዚያ ወዲያ ያለው የጎረቤቱ ጉዳይ ነው። ቴብሉ ውስጥ ከሚገቡት መስመሮች አንዳንዶቹ በቀጥታ ከተያያዙት ኬብሎች፣ አንዳንዶቹ ከሰው እጅ፣ ሌሎቹ ከሌሎች ራውተሮች የመጡ ናቸው። የሚመረጠው ግን በሁለት ሕግ ነው፤ ቅደም ተከተላቸውም አይዛነፍም። መጀመሪያ ይበልጥ ዝርዝር የሆነው አድራሻ ይቀድማል። ለ10.20.0.0/16 አንድ መስመር፣ ለ10.20.5.0/24 ሌላ መስመር ቢኖር ወደ 10.20.5.9 የሚሄድ ፓኬት የሚያልፈው በሁለተኛው ነው፤ መስመሩን ማን እንዳመጣው፣ ምን ያህል እንደሚታመን አይጠየቅም። የምንጩ ታማኝነት የሚመዘነው ያው አንድ ኔትወርክ ከሁለት ምንጭ ሲመጣ ብቻ ነው። ሲስኮ ለዚህ ቁጥር ሰጥቷል፤ ያነሰው ያሸንፋል። በቀጥታ የተያያዘ 0፣ ስታቲክ 1፣ በኋላ ከምናያቸው ፕሮቶኮሎች ደግሞ ከሌላ ድርጅት የሰማነው ቢጂፒ 20፣ ኢአይጂአርፒ 90፣ ኦኤስፒኤፍ 110፣ ሪፕ 120 ነው። ጁኒፐር ግን ስታቲክን 5፣ ኦኤስፒኤፍን 10፣ ቢጂፒን 170 ያደርገዋል። ስለዚህ ያው ኔትወርክ በቢጂፒም በኦኤስፒኤፍም ሲሰማ የሲስኮው ራውተር አንዱን፣ አጠገቡ ያለው የጁኒፐር ራውተር ሌላውን ይመርጣል። የሁለት ኩባንያ ዕቃ የቀላቀለ ሰው ይህን ካላወቀ ፓኬቶቹ በሁለቱ መካከል ሲመላለሱ ሊያገኛቸው ይችላል። የመጀመሪያውን ሕግ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ መጨረሻው ላይ የአንድ አገር ስሕተት ዓለምን ሲያስቸግር እንመለስበታለን።

ስታቲክ ራውት ለመጻፍ የመድረሻው ኔትወርክ፣ ማስኩና ቀጥሎ የሚቀበለው ጎረቤት አድራሻ ይበቃል። በሲስኮ ራውተር «አይፒ ራውት» ብሎ 10.20.0.0 255.255.0.0 192.168.1.2 ማስከተል ነው፤ አለቀ። በሚክሮቲክም ሆነ በሊኑክስ ቃሉ ይለያይ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው። ቀላልነቱ ግን ያዘናጋል። ደጋግሜ ያየሁት ስሕተት መሄጃውን ጽፎ መመለሻውን መርሳት ነው። ፓኬቱ ማዶ ደርሷል፤ መልሱ ግን መመለሻውን የማያውቅ ራውተር ላይ ሲደርስ ይጣላል። ከዚህ በኩል የሚታየው የመልስ መጥፋት ብቻ ስለሆነ ሰውየው ምንም ያልሆነውን የራሱን ራውተር ሲፈታታ ያመሻል። ሌላው ስሕተት ኢተርኔት ላይ የጎረቤቱን አድራሻ ትቶ የመውጫ ኢንተርፌሱን ስም ብቻ መጻፍ ነው። እንዲህ ሲደረግ ራውተሩ የሩቁ አድራሻ ሁሉ እዚያው ኬብል ላይ የተሰካ ይመስለዋል፤ ለእያንዳንዱም በኤአርፒ «ይህ አድራሻ የማን ነው?» እያለ ይጣራል። ጎረቤቱ በሌሎች ስም የሚመልስ ከሆነ ነገሩ ይሠራል፤ አንድ ቀን ያንን ባሕርይ ለደኅንነት ሲባል የዘጋው ሰው ግን ኔትወርኩ ለምን እንደቆመ አይገባውም።

«ስታቲክ ለትልቅ ኔትወርክ አይሆንም» የሚለው አባባል ሳይመረመር ይደገማል። እስኪ እንቁጠረው። 40 ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት እንውሰድ፤ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ አንድ ኔትወርክ ይኑረው። እያንዳንዱ ራውተር ስለ ሌሎቹ 39 አንድ አንድ መስመር ይጻፍለት ከተባለ 1,560 መስመር ይሆናል፤ ይህን በእጅ መጠበቅ አይቻልም። ነገር ግን በአገራችን ያየኋቸው የባንክና የመሥሪያ ቤት ኔትወርኮች አብዛኞቹ የኮከብ ቅርጽ አላቸው፤ ቅርንጫፉ የሚነጋገረው ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር ነው። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ አንድ ዲፎልት ራውት፣ ማለትም 0.0.0.0/0፣ ዋናው ላይ ደግሞ 40 መስመር ይበቃል። ድምሩ 80 ነው። አንድ ሰው በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሮ ከዓመት ዓመት ሊጠብቀው ይችላል። ስለዚህ የሚወስነው የኔትወርኩ ትልቅነት ሳይሆን ቅርጹ ነው። ሒሳቡ የሚለወጠው ሁለተኛ መስመር በገባ ዕለት ነው፤ መንገዱ ሁለት ሲሆን የሚመርጥ ያስፈልጋልና።

ለዚህ የተለመደው መላ ተንሳፋፊ ስታቲክ ነው። ለተጠባባቂው መስመር ያው መድረሻ ይጻፍና የታማኝነት ቁጥሩ ለምሳሌ 250 ይደረጋል፤ ዋናው ሲወድቅ ብቻ ብቅ ይላል። እኔም እንዲሁ አድርጌ ነበር። ችግሩ «ዋናው ሲወድቅ» በሚለው ላይ ነው። ራውተሩ ስታቲክ መስመርን ከቴብሉ የሚያወጣው የራሱ ኢንተርፌስ ሲጠፋ ወይም ወደ ጎረቤቱ የሚያደርስ ሲያጣ ነው፤ መሐል ላይ ኮንቨርተር ወይም ስዊች ካለ ግን ማዶ ያለው ሞት አይሰማውም። መድኃኒቱ ጆሮ መስጠት ነው። በሲስኮ በአይፒ ኤስኤልኤ፣ ራውተሩ በየጥቂት ሰከንዱ ማዶ ያለ አንድ አድራሻ ፒንግ እንዲያደርግና መልስ ሲጠፋ መስመሩን እንዲያነሳ ማሰር ይቻላል። በሚክሮቲክ «ቼክ ጌትዌይ» የሚባለው ለዚህ ቅርብ ነው፤ ነገር ግን የሚጠይቀው ጌትዌዩን ራሱን ስለሆነ፣ ጌትዌዩ እዚሁ ግቢ ያለ ዕቃ ከሆነ ከእሱ ወዲያ ያለውን አያይም። የሚጠየቀው አድራሻ የት ይሁን የሚለው ከትእዛዙ አጻጻፍ ይልቅ ብዙ ማሰብ ይጠይቃል። በጣም ቅርብ ከሆነ ምንም አያሳይም፤ በጣም ሩቅ ከሆነ የሌላው ሰው ብልሽት የእኛን መስመር ያወርደዋል።

ወደሚሰሙት እንለፍ። ከዚህ በታች ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1969 ሥራ የጀመረው የኢንተርኔት ቀደምት፣ አርፓኔት፣ የመጀመሪያ ዘዴው ወሬ መቀባበል ነበር፤ እያንዳንዱ ለጎረቤቱ «እዚያ ለመድረስ ከእኔ ይህን ያህል ይርቃል» ይላል፤ ጎረቤቱ የራሱን ርቀት ጨምሮ ለቀጣዩ ያስተላልፋል። በዩኒክስ ኮምፒውተሮች ላይ ሲሠራ ቆይቶ በ1988 ቻርልስ ሄድሪክ በሰነድ ያሰፈረው ሪፕ የዚህ ዘር ነው። በየ30 ሰከንዱ ቴብሉን ለጎረቤት ይነግራል፤ ለ180 ሰከንድ ያልተደገመ ወሬ ይሰረዛል፤ ርቀትን የሚቆጥረው በራውተር ብዛት ብቻ ነው፤ 16 ማለት «አይደረስም» ማለት ነው።

የወሬው ጣጣ እንዲህ ይታያል። አዲስ አበባ፣ አዳማና ሐዋሳ አንድ አንድ ራውተር ተክለን በተከታታይ አገናኝተናቸው እንበል። የሐዋሳው መስመር ተቆረጠ። አዳማ ቆረጣውን አይቶ መስመሩን ሲያነሳ፣ አዲስ አበባ በተለመደው ሰዓቱ «እኔ ወደ ሐዋሳ በ2 እደርሳለሁ» ይለዋል። አዳማ ያምናል፤ ያ ወሬ የራሱ የትናንት ቃል ተመልሶ መምጣቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ቴብሉ ላይ 3 ብሎ ይጽፋል። አዲስ አበባ ያንን ሰምቶ 4፣ አዳማ 5 እያሉ እስከ 16 ይቆጥራሉ፤ እስከዚያ ፓኬቶቹ በሁለቱ ከተሞች መካከል ይዋልላሉ። «የሰማኸውን ወሬ ለነገረህ ሰው አትመልስለት» የሚለው የስፕሊት ሆራይዘን ደንብ ይህን ያርማል፤ ሦስት ራውተሮች ክብ ሠርተው ሲቀመጡ ግን አይበቃም።

ለእኛ አገር ደግሞ ሪፕ ሌላ እንከን አለው። አንድ ሩቅ ወረዳ በፋይበር በሁለት ራውተር፣ በቪሳት፣ ማለትም በሳተላይት፣ በአንድ ራውተር ይደረስበታል እንበል። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ጥያቄና መልሱ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይወስዳሉ። ሪፕ ያለማመንታት ቪሳቱን ይመርጣል፤ 1 ከ2 ያንሳልና። ዛሬ ላይ ሪፕን ለመማሪያ ካልሆነ ለምን እንደሚመርጡ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

ሁለተኛው ቤተሰብ ወሬውን ትቶ ካርታ ይሠራል። እያንዳንዱ ራውተር የሚናገረው በገዛ ዓይኑ ስላየው ብቻ ነው፦ ጎረቤቶቹ እነማን እንደሆኑና መስመሩ ምን ያህል እንደሚያስከፍል። ያ ቃል ሳይለወጥ ለሁሉም ይሰራጫል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ካርታ ይዘው አጭሩን መንገድ ለየራሳቸው ያሰላሉ። ስሌቱ ኤድስገር ዳይክስትራ በ1956 አምስተርዳም ውስጥ ከእጮኛው ጋር ቡና ቤት ተቀምጦ፣ ያለ ወረቀትና እስክሪብቶ በ20 ደቂቃ ያሰበው ነው፤ ያሳተመው በ1959 ነበር። ሲያስበው የነበረው ስለ ኮምፒውተር ኔትወርክ ሳይሆን ከሮተርዳም ወደ ግሮኒንገን ስለሚወስደው አጭር መንገድ ነበር።

ካርታውም ቢሆን ማመን ላይ ይቆማል። አርፓኔት ወደዚህ ዘዴ ከዞረ ብዙም ሳይቆይ፣ ኦክቶበር 27 ቀን 1980፣ ኔትወርኩ በሙሉ ለሰዓታት ቆመ። እያንዳንዱ መልእክት የትኛው አዲስ እንደሆነ የሚለይበት ከ0 እስከ 63 የሚዞር ቁጥር ነበረው። አንድ ማሽን ሜሞሪው ተበላሽቶ ቢቶች ሲጥል የአንዱ መልእክት ቁጥር 44፣ 40 እና 8 ሆኖ በሦስት መልክ ተሰራጨ። በሚዞረው አቆጣጠር 44 ከ40 በኋላ ነው፤ 40 ከ8 በኋላ ነው፤ 8 ደግሞ ከ44 በኋላ ነው። ሦስቱም እርስ በርስ አዲስ ሆኑ። ማሽኖቹ ሦስቱን መልእክቶች ማስተላለፍ ትተው ሌላ ሥራ መሥራት አልቻሉም፤ ጤነኛ የነበሩት ሁሉ በሕጉ መሠረት ትክክለኛውን ሥራ ሲሠሩ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ፕሮቶኮሎች ትምህርቱን ወስደዋል። ከእነዚህ የካርታ ፕሮቶኮሎች አንዱ የሆነው ኦኤስፒኤፍ ቁጥሩን አያዞርም፤ እያንዳንዱ መልእክት መመርመሪያ ድምር አለው፤ ዕድሜም አለው፤ በ3,600 ሰከንድ ውስጥ ካልታደሰ ይሞታል።

በኦኤስፒኤፍ ዛሬም የምንሠራው ጆን ሞይ በ1998 በጻፈው ሁለተኛ እትም መሠረት ነው። አሠራሩን ለመጀመር ጥቂት መስመሮች ይበቃሉ፤ ጊዜ የሚፈጀው ጎረቤታሞቹ እንዳይተዋወቁ የሚያደርጉትን ጥቃቅን ልዩነቶች መፈለግ ነው። ኤሪያ ቁጥር፣ ማስክ፣ የሄሎ (የጎረቤት መተዋወቂያ መልእክት) እና የዴድ (ጎረቤት ሞቷል የሚባልበት) ሰዓት፣ የይለፍ ቃል በሁለቱም በኩል አንድ መሆን አለባቸው። ኤምቲዩ (መስመሩ የሚያሳልፈው የፓኬት ከፍተኛ መጠን) ከተለያየ ደግሞ ይተዋወቁና ካርታ መለዋወጫው ላይ ተገትረው ይቀራሉ፤ ሳያውቀው ምሽቱን ያሳለፈበት ብዙ ነው። በተለይ አንድ ነገር መናገር እፈልጋለሁ፦ ሲስኮ የመስመሩን ዋጋ የሚያሰላው በተለምዶ 100 ሜጋቢትን በመስመሩ ፍጥነት በማካፈል ነው። በዚህ ስሌት የ100 ሜጋ፣ የ1 ጊጋና የ10 ጊጋ መስመር ሁሉም ዋጋቸው 1 ነው። መነሻውን በሁሉም ራውተሮች ላይ እኩል ከፍ ካላደረጉት በውድ የተገዛው ፋይበር ከአሮጌው ኬብል ጋር ሥራ ሲካፈል ይኖራል። የሠራተኞች ኮምፒውተር ባለበት ኢንተርፌስ ላይም ሄሎ እንዳይወጣ «ፓሲቭ» ማድረግ ግዴታ ነው፤ አለዚያ ላፕቶፕ ይዞ የመጣ ሰው ራሱን ራውተር ነኝ ሊል ይችላል፤ ፕሮቶኮሉም ያምነዋል።

የሲስኮ የራሱ የነበረው ኢአይጂአርፒ በ2016 ለሕዝብ ሰነድ ሆኖ ቢወጣም አሁንም በአብዛኛው በሲስኮ ቤት ይኖራል፤ ቶሎ ይድናል፤ ግን ነገ ሌላ ዕቃ መግዛት የሚፈልግ ድርጅት ያስብበት። አይኤስ-አይኤስ የትልልቅ ኦፕሬተሮች መሣሪያ ነው፤ ለቅርንጫፍ ቤት አያስፈልግም።

ቢጂፒ የተለየ ነው፤ በአንድ አስተዳዳሪ ሥር ላሉ ሳይሆን ለማይተዋወቁ ድርጅቶች የተሠራ ነውና። በ1989 የሲስኮው ኬርክ ሎኺድና የአይቢኤሙ ያኮቭ ሬክተር ምሳ ላይ በናፕኪን ላይ ነደፉት። የኢትዮ ቴሌኮም መለያ ቁጥር በዚያ ዓለም 24757 ነው። እያንዳንዱ ድርጅት «እነዚህ አድራሻዎች የእኔ ናቸው» ይላል፤ ጎረቤቱ ያምንና ለሌላው ያስተላልፋል። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2008 ፓኪስታን ቴሌኮም በመንግሥት ትእዛዝ ዩቲዩብን አገሩ ውስጥ ሊዘጋ ሲል 208.65.153.0/24 የእኔ ነው የሚል መስመር ወደ ውጭ አመለጠው። ዩቲዩብ ያወጀው 208.65.152.0/22 ነበር። ዝርዝሩ ይቀድማል የሚለው ያ የመጀመሪያ ሕግ በየራውተሩ ሠራ፤ ለሁለት ሰዓት ያህል የዓለም ተመልካች ወደ ፓኪስታን ተነዳ። ዩቲዩብም የተከላከለው በዚያው ሕግ ነው፤ መጀመሪያ ያንኑ /24፣ ቀጥሎም የበለጠ ዝርዝር የሆኑ ሁለት /25 መስመሮችን አወጀ። አድራሻውን ባለቤቱ ብቻ እንዲያውጅ በፊርማ የሚያረጋግጠው አርፒኬአይ የመጣው ከዚህ ዓይነቱ ጉዳት ነው። የፌስቡኩ መቋረጥ፣ ኦክቶበር 4 ቀን 2021፣ ግን ውሸት የተናገረ የለበትም። የጥገና ትእዛዝ የውስጥ መስመሮቹን ሁሉ ቆረጠ፤ የዲኤንኤስ ሰርቨሮቹ ከዳታ ሴንተሩ ጋር መገናኘት ሲያቅታቸው፣ እንደታዘዙት፣ ራሳቸውን ከቢጂፒ አነሱ። ለ6 ሰዓት ያህል ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም ጠፉ።

ለአንድ ቅርንጫፍ ቤት ከዚህ ምን ይወሰዳል? ከ2022 ጀምሮ በአገራችን ሁለተኛ ኦፕሬተር አለ፤ ዋናውን ፋይበር ከአንዱ፣ ተጠባባቂውን በ4ጂ ራውተር ከሌላው መያዝ ይቻላል። ሁለቱ መስመሮች በአንድ ጉድጓድ ከተቀበሩበት ጊዜ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። የራሱ አድራሻና የራሱ ቁጥር ለሌለው ድርጅት ቢጂፒ አያስፈልግም። እኔ የምመርጠው በሁለቱም መስመሮች ላይ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የቪፒኤን ታነል ዘርግቶ በታነሉ ውስጥ ኦኤስፒኤፍን ማስኬድ ነው። ሄሎው የሚሄደው እስከ ኮንቨርተሩ ሳይሆን እስከ ማዶው ራውተር ስለሆነ፣ በተለመደው ሰዓቱ 40 ሰከንድ መልስ ሲያጣ መንገዱን ይለውጣል፤ የመስመር መቋረጥን ቶሎ የሚያውቀው ቢኤፍዲ ከታከለበት ከአንድ ሰከንድ በታች ይሆናል። ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው ዲፎልት ግን ስታቲክ ይሁን።

ስታቲክንና ዳይናሚክን ማገናኘት ሲመጣ እጄ ይዘገያል። ስታቲክ መስመሮችን ወደ ኦኤስፒኤፍ መልቀቅ አንድ ትእዛዝ ነው፤ ምን እንደሚያልፍ ሳይጣራ ከተለቀቀ ግን ዝም የሚለው መስመር ስሕተት በሚያምነው አፍ ይነገራል። ተቆርጦ ያልተነሳ አንድ ስታቲክ ራውት በዚህ መንገድ ለኔትወርኩ ሁሉ «መንገዱ በእኔ በኩል ነው» ሊል ይችላል። ሁለት ፕሮቶኮሎችን በሁለት ራውተሮች ላይ ወዲያና ወዲህ ማቀላቀል ደግሞ የአዳማንና የአዲስ አበባን ወሬ በትልቁ መድገም ነው፤ ታግ አድርጎ የራሱ ወሬ ተመልሶ እንዳይገባ መዝጋት የግድ ነው።

በዚያ ቅርንጫፍ ጉዳይ ግን ስታቲኩን እንዳለ ነው የተውኩት፤ አንድ ራውተር፣ ሁለት መስመር፣ ሌላ የሚሰማ ጎረቤት የለም። የጨመርኩለት በሁለቱም ጫፍ ፒንግ ብቻ ነው፤ የሚጠይቀውም በዋናው መስመር በኩል የማዶውን ራውተር አድራሻ ነው። ከዚያ በሥራ ሰዓት፣ ሥራ አስኪያጁን አስፈቅጄ፣ ቅርንጫፉ ድረስ ሄድኩ። ኬብሉን ከራውተሩ አልነቀልኩትም። ከኮንቨርተሩ ማዶ ያለውን ፋይበር አወጣሁት። የራውተሩ መብራት አረንጓዴ እንደሆነ ቆየ። ፒንጉ አንድ ጊዜ መልስ አጣ፣ ሁለተኛ አጣ፣ ሦስተኛ አጣ፤ ከዚያ ትራፊኩ በተጠባባቂው 4ጂ በኩል ማለፍ ጀመረ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ገንዘብ ከፋይ ብር እየቆጠረች ነበር፤ ቀና አላለችም።